ለሞተር ብስክሌት የሆድ መከላከያ ማሠራት የገበሬውን ቀጠሮ ያስከብራል

መርሳ፤ ከኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት የሀብሩን ወረዳ አቋርጦ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን ያገናኛል። በዚህ መንገድ ላይ ለሚሄድ ሞተር ብስክሌት ብዙም የሚያሠጋ ነገር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገበሬው መንደር ሲታጠፍ ነው። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ አዲስ ድንጋይ እያንከባለለ በወንዝ መሻገሪያው ላይ ይከምራል።

ባለፈው ክረምት ይህ ጸሐፊ ከአንድ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ኋላ ተፈናጦ ከመርሳ ወደ ቆላው በመውረድ ላይ ሳለ፣ የፊተኛው ጎማ ያስፈነጠረው ድንጋይ የሞተሩን ሆድ መታው። ድምፁን ሰምተናል፤ ነገር ግን ቀላል መስሎን ጉዟችንን ቀጠልን። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ ጨሶ ቆመ። ዘይቱ በመንገዱ ላይ ተንጠባጥቦ አልቆ ነበር። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ከንጋት ጀምሮ ሰብስበው ሲጠብቁ ውለው በቀትር ለቀቋቸው፤ በበረዶ ሣጥን የያዝነው ክትባትም ወደ መጣበት ተመለሰ። ያ ቀን የሁለታችን ብቻ ኪሳራ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ማሽላና ጤፍ ላይ የወረደበትን ጊዜ መሪዎች አይረሱትም። መንጋው ማታ ያረፈበት ሥፍራ ፀሐይ ሳታሞቀው በማለዳ ካልተደረሰ ተነሥቶ ይሄዳል። እንዲህ ባለው ጊዜ ወሬውን ይዞ የሚሮጠው ሞተር ብስክሌት መንገድ ላይ ቢቀር ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የሞተሩ ሆድ፣ መካኒኮች ካርተር የሚሉት፣ በአሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ስለሆነ ሲመታ ከመጎበጥ ይልቅ ይሰነጠቃል። በውስጡ የሚይዘው ዘይት በትንንሾቹ ሞተሮች አንድ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ለአስፋልት የተሠሩት አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከሥር መከላከያ የላቸውም።

መከላከያውን ለማሠራት ከሩቅ አገር ዕቃ ማስመጣት አያሻም። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ፣ አራት ብሎን ከነዳዶውና ደህና በያጅ ካለ ይበቃል። አስቀድሞ ልኩን በካርቶን ቆርጦ ከሞተሩ ሥር መለካት ላሜራ ከማባከን ያድናል። የፊተኛው ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሆኖም ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ክንፎቹን መጋረድ አይገባውም፤ የጭስ መውጫውንም መንካት የለበትም።

ዋናው ነገር ላሜራው የሚታሰረው በሞተሩ ላይ ሳይሆን በቴላዮው ቧንቧ ላይ መሆኑ ነው። በላሜራውና በካርተሩ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ይተዋል። ከተነካኩ ድንጋዩ ላሜራውን ሲመታ ምቱ በቀጥታ ለካርተሩ ይደርሰዋል። በማሠሪያዎቹ ሥር ለበረባሶ የሚቆረጠውን የአሮጌ መኪና ጎማ ቢያስገቡ ንዝረቱን ይቀንሳል። አንዳንድ በያጅ ሥራውን ለማሳጠር ላሜራውን በቴላዮው ላይ ልበይደው ይላል፤ ሊፈቀድለት አይገባም። ቧንቧው ይዳከማል፣ ላሜራውም ለጥገና ሲፈለግ አይወልቅም። በዘይት ማፍሰሻው ብሎን ትክክል መፍቻ የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳ፣ ጭቃና ውኃ እንዲወርድ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ከሥር የሚወጣ የብሎን ራስ ድንጋይ ይቆርጠዋልና ጠፍጣፋ ራስ ያለው ይመረጣል።

ብየዳ ቤቶች በወልዲያም በመርሳም አሉ። ሞተር ብስክሌቱ የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሊበሳውና ሊያሠራው አይችልም፤ ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ጉዳዩን በወረዳው ስብሰባ ላይ ቢያነሡት ይቀላል። ከጎርፍ በኋላ ጥቂት ጎልማሶች መሻገሪያውን ከድንጋይ ቢያጸዱትም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

መከላከያው በታሠረ በመጀመሪያው ሳምንት ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ሠራተኛው በመንደሩ ሲያድር ጎንበስ ብሎ እንዲያጠብቃቸው ማስታወስ ያስፈልጋል።