የኤሌክትሪክ የስፖርት አውቶሞቢል ለዕለት ተዕለት ነጂ ይስማማልን?
በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ሁኔታ ሲመዘን

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በተማሪዎች መካከል የአውቶሞቢል ወሬ በተነሣ ቍጥር አንድ ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። ይኸውም «ይህ በኤሌክትሪክ የሚሮጠው የስፖርት አውቶሞቢል ለእኛ አገር ነጂ ይሆናልን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለጨዋታ ብቻ የተነሣ ቢመስልም ቅሉ፣ ከጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቁም ነገር ሆኗል። በዚያን ጊዜ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ቤተ ሰብ የሚጠይቀው «ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን?» ብሎ ሳይሆን «ከኤሌክትሪኮቹ የትኛው?» ብሎ ነው። የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚፈስበት ነገር ስለሆነ፣ ሳይመዝኑ መወሰን ያስጠይቃል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በባሕር ዳር ከተማና በዙሪያዋ መንገዶች ልንመዝነው አስበናል። ከሁሉ አስቀድሞ ለአንባቢው የምናሳስበው፣ «የኤሌክትሪክ የስፖርት አውቶሞቢል» በሚለው ስም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን ነው፤ አንደኛው ኤሌክትሪክነቱ፣ ሁለተኛው ስፖርትነቱ ነው። ብዙው ክርክር መልስ የሚያጣው ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ሚዛን ለመመዘን ስለሚሞክር ነው።

1. የአውቶሞቢሉ ጠባይ

በኤሌክትሪክ መሮጥ አዲስ ነገር አይደለም። ካሚይ ዤናትዚ የተባለው የቤልጅግ ሰው በ1899 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አጠገብ በባትሪ በሚሠራ አውቶሞቢል በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር ሮጧል። አውቶሞቢል በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ የመጀመሪያው ይህ ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ባትሪ እጅግ ከባድ፣ የሚይዘውም ጉልበት ጥቂት ስለ ነበረ፣ ቤንዚን አሸንፎት መቶ ዓመት ያህል ተረስቶ ኖረ።

እንደገና የተነሣው የሊቲየም ባትሪ ከመጣ በኋላ ነው። የአሜሪካው ቴስላ ኩባንያ ሮድስተር የተባለውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውቶሞቢል ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. እየሠራ 2,450 ያህል ሸጠ። ባትሪው 53 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተሞልቶ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስም አራት ሰከንድ አይፈጅበትም። በ2019 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ፖርሼ ታይካን የተባለውን ባለ አራት በር አውቶሞቢል አሳየ። ከዓይነቶቹ ብርቱ የሆነው ከ2,200 ኪሎ ግራም በላይ እየከበደ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ 2.8 ሰከንድ ነው።

ይህ ፍጥነት ከየት ይመጣል? የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው ዙሩ ከፍ ካለ በኋላ ነው፤ ስለዚህም ማርሽ እየለወጡ ማገዝ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ገና ከዜሮ ሲነሣ የማዞር ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ማርሽ መለዋወጥም አያሻውም። ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን፣ ይህ ጠባይ የስፖርት አውቶሞቢል ብቻ አለመሆኑን ነው። ተራው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልም በመጠኑ አለው። እንግዲህ ተራውን የገዛ ሰው ከስፖርቱ ጠባይ ከፊሉን ያለ ተጨማሪ ዋጋ አግኝቷል ማለት ነው።

2. የባሕር ዳር ከፍታና አየር

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር መጭመቂያ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለመሥራት አየር አይስብምና ከጉልበቱ ምንም አይቀነስበትም። እንዲያውም የሳሳው አየር ለሚሮጥ አውቶሞቢል የሚሰጠው መከላከል ስለሚያንስ፣ በረጅም መንገድ ጥቂት ጉልበት ይቈጥብለታል።

አየር ጠባይዋም ለባትሪ የተመቸ ነው። በሰሜን አውሮፓ በክረምት ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ነጂው ለማሞቂያ ብዙ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ብርቱ ሙቀት ባለበት በረሓ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያረጃል። በጣና ዳርቻ ግን ከሁለቱም ጽንፍ የራቀ መካከለኛ አየር አለ። ከተማዋም ሜዳ ላይ ስለ ተሠራች ዳገት አያስቸግርም፤ የባሕር ዳር ሰው ከጥንት ጀምሮ ብስክሌት ማዘውተሩ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል።

3. ባትሪው ከየት ይሞላል?

የኤሌክትሪኩ ምንጭ ከዚሁ ከደጃችን ነው። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኀይሉ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ ከተማዋንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ያበራ የነበረው እርሱ ነው። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት ጨመረ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ እያሳለፈ 460 ሜጋዋት ያመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በአንጻሩ ቤንዚኑ በባሕር ተጭኖ በጅቡቲ ወርዶ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በቦቴ ተጒዞ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት ይደርሳል። ከደረሰም በኋላ ሞተሩ ከጉልበቱ ከአራት አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ወደ መንኰራኵር ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተቀበለው ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል።

አሁን ወደ ቤታችን ሶኬት እንምጣ። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚሰጥ ሶኬት 2.2 ኪሎዋት ያወጣል። አውቶሞቢሉ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ለ10 ሰዓት ቢሰካ 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 20 ያህል በባትሪው ይገባል። ተራ አነስተኛ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ በአንድ ሌሊት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛል። የስፖርቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ 100 ኪሎ ሜትር ቢያገኝ ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ ተመላልሶ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ የባሕር ዳር ነጂ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው።

ልዩነቱ የሚታየው ባትሪው ባዶ ሲሆን ነው። 93 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን የታይካን ባትሪ በዚሁ ሶኬት ለመሙላት ወደ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ይፈጃል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ ከዚያም ይረዝማል።

ከተርባይኑ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። አንድ ሺህ አውቶሞቢሎች በአንድ ሌሊት ቢሰኩ የሚፈልጉት 2.2 ሜጋዋት ነው፤ ይህ ከጣና በለስ ኀይል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በአንድ ሰፈር አሥር ቤቶች እራት በሚሠራበት ምጣድም በሚጣድበት ሰዓት አብረው ቢሰኩ፣ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ 22 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ተጨመረበት ማለት ነው። ያን ጊዜ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ይፈጸማል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መሙላትና ተራ መግባት ይበቃል።

4. ረጅሙ መንገድና የዓባይ በረሓ

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ባትሪው የሞላ ማናቸውም ጥሩ አውቶሞቢል ያለ ጭንቀት ይደርሳል። አዲስ አበባ ግን በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 390 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በመካከል መሙላት ግድ ይሆንበታል፤ በዚያም ላይ የዓባይ ሸለቆ ይጠብቀዋል።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አውቶሞቢሉ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢልን 1,400 ሜትር ለማንሣት 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የሚባክነው ሲታከልበት 9 ያህል ይሆናል። ይህም በሜዳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ጉልበት ነው። ቍልቍለቱን ሲወርድ ግን ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ፍሬኑን ያግዛል፤ የወረደበትንም ጉልበት ከግማሽ ያላነሰውን ለባትሪው ይመልሳል። በዚያ ቍልቍለት ፍሬኑ ግሎ የሸተተውን መኪና ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ነጂው ደጀን ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ቢወርድ፣ ለሚመለሰው ጉልበት ቦታ ስለማይኖር ጥቅሙ ይቀርበታል። አውቶሞቢሉ በከበደ መጠንም ዳገቱ ብዙ ያስከፍለዋል፤ ትልቅ ባትሪ የተሸከመው የስፖርት አውቶሞቢል ከዚህ ላይ ይጎዳል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ ለቀናት የተዘጋባቸው ጊዜያት መኖራቸውንም መዘንጋት አይገባም። በመካከል ከተማ ለመሙላት ሰዓታት መቆም የግድ የሆነበት ነጂ፣ ጕዞውን በሰላሙ ቀን ልክ ብቻ ሊያቅድ አይችልም።

5. ስፖርትነቱ ሲመዘን

የስፖርት አውቶሞቢል አየርን እንዲሰነጥቅና በጠመዝማዛ መንገድ እንዳይገለበጥ ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ባትሪው ደግሞ ከወለሉ ሥር ይዘረጋል፤ የአውቶሞቢሉ ውድ አካል ለመሬት ቅርብ ሆነ ማለት ነው። በሰፈር ውስጥ መንገድ የሚገኘው የፍጥነት መቀነሻ ጕብታ፣ የተከፈተ ቦይ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውሃ ያቆረ ጕድጓድ ይህን ሆድ ይፈታተነዋል። ለብዙ ዓመታት ጠጠር ሆኖ የኖረው የጢስ ዓባይ መንገድ ከመኪና የሚጠይቀው ከፍ ያለ ሆድና ጠንካራ ጎማ ነበር። ባትሪው ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ ይታሸጋል፤ ከድንጋይ ጋር ለመጋጨት ግን አልተሠራም።

ፍጥነቱስ? በአገራችን ለፍጥነት በተሠራው በአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ እንኳ ወሰኑ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር በሚወጡት መንገዶች በጎችና ከብቶች ይሻገራሉ፤ በቅዳሜ ገበያ አህያ የሚነዱ እናቶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። በሦስት ሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር መድረስ በዚህ መንገድ ላይ ጥቅም ሳይሆን አደጋ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ስለሌለውም እግረኛው መምጣቱን አይሰማም።

መቀመጫውንም እንመልከት። የእኛ አገር መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ለቅሶ ጎረቤት ይጫንበታል፤ ወደ ሠርግ ዘመድ ይሄድበታል፤ ከገጠር ሲመለስ ጤፍ ይጫንበታል፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ትደርስበታለች። ባለ ሁለት መቀመጫው ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም።

6. ዕለት ተዕለት የሚነዳው ማን ነው?

በመጨረሻ «ዕለት ተዕለት ነጂ» የተባለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በባሕር ዳር ከማለዳ እስከ ምሽት መሪ የሚጨብጠው የባጃጅ ነጂ ነው። ሌላው የከተማ ሰው መኪናውን በቀን ሁለት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ፣ እርሱ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፤ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ሰልፍ ላይ የሚውለው፣ የልጆቹም እንጀራ የሚጎድልበት እርሱ ነው። ባለ ሦስት እግር ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቀላል ስለሆነ በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ይህንንም ከቤት ሶኬት በአራት ሰዓት ያህል ያገኛል። ታይካንን አንድ ጊዜ የሚሞላ ኤሌክትሪክ ከአሥር ለሚበልጡ ባጃጆች የቀን ሥራ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲደመር፣ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ሁለት ነው። ኤሌክትሪክነቱ ለባሕር ዳር ተስማሚ ነው፤ ከፍታው፣ አየሩ፣ ሜዳው፣ ውሃውም ይደግፉታል። ስፖርትነቱ ግን አይስማማም፤ ዝቅታው፣ ክብደቱ፣ ጠባብነቱና ዋጋው ከመንገዳችንና ከኑሯችን ጋር ይጣላሉ። ስለዚህ ቤተ ሰብ ያለው ገዢ ሆዱ ከፍ ያለ፣ አምስት ሰው የሚይዝ፣ ባትሪው መካከለኛ የሆነ ተራ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቢመርጥ ይጠቀማል እንላለን። ማራቶን ሞተር በ2012 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ገጣጥሞ ያሳየው ሂዩንዳይ አዮኒክ፣ ተራ የኤሌክትሪክ መኪና በእኛው ሠራተኞች እጅ ሊገጣጠም እንደሚችል አስረድቷል።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረን ሥራም አለ። በየሰፈሩ ትራንስፎርመሩ ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከም መለካት፣ አንድ የባጃጅ ነጂ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ከራሱ ጠይቆ መመዝገብ፣ ያረጀ ባትሪ የት እንደሚጣል ማጥናት የማናቸውንም ሀብታም አገር ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ቆጣሪ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። እንዲህ ያለው ጥናት ሲሟላ፣ ቁጠባውን ይዞ ወደ ሻጭ የሚሄደው ሰው በሥዕል ሳይሆን በቍጥር ይወስናል።