ዓመቱን ሙሉ ጎብኚ የሚሻ የተራራ መንደር፦ የአንደርማት የመሠረተ ልማት ማሻሻያ

መግቢያ

በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚገኙ ብዙ መንደሮች ገቢያቸውን የሚያገኙት በሁለት አጫጭር ወቅቶች ነው። አንደኛው የበረዶ ሸርተቴ ወቅት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሙቀቱ ወራት የእግር ተጓዦች የሚመጡበት ነው። በእነዚህ መካከል ባሉት ሳምንታት ሆቴሎች በራቸውን ይዘጋሉ፣ ኬብል ካሮች ይቆማሉ፣ ወጣቶችም ቋሚ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላው ከተሞች ይወርዳሉ። የውኃ መስመር፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ የመንገድ ጠረጋና የበረዶ ናዳ መከላከያ ግን ጎብኚ ኖረም አልኖረም ወጪ ይጠይቃሉ። መንደሮቹ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ለመሳብ የሚጥሩት ከዚህ አለመመጣጠን የተነሣ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ደግሞ ችግሩን አክብዶታል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት በአምስት የአልፕስ አገሮች 666 የበረዶ ሸርተቴ ማዕከላትን መርምሮ፣ በወቅቱ 609ኙ በተፈጥሮ በረዶ ሊተማመኑ የሚችሉ መሆናቸውን አመልክቷል። የሙቀት መጠኑ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር ቁጥሩ ወደ 500፣ በ2 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 404፣ በ4 ዲግሪ ቢጨምር ደግሞ ወደ 202 እንደሚያሽቆለቁል ገምቷል። እንግዲህ በበረዶ ብቻ የሚኖር መንደር የወደፊት ዕጣው አስተማማኝ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በስዊዘርላንድ የኡሪ ካንቶን የምትገኘውን የአንደርማትን መንደር እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ መሠረተ ልማትን ማሻሻል ወቅታዊነትን የሚያቃልለው በምን ሁኔታ እንደሆነና መቼ ደግሞ እንደሚያባብሰው ያብራራል።

ሁለት ጊዜ የታለፈች መንደር

አንደርማት ከባሕር ወለል በላይ 1,440 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የኡርሰረን ሸለቆ ውስጥ፣ የተራራ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ትገኛለች። ወደ ደቡብ የጎትሃርድ፣ ወደ ምዕራብ የፉርካ፣ ወደ ምሥራቅ የኦበራልፕ በሮች ያሉ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ደግሞ የሾለነን ገደል ይገኛል። ለዘመናት ተራራውን የሚያቋርጥ ነጋዴና መንገደኛ በዚያ አድሮ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 የተከፈተው 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ ግን መንገደኛውን ከመንደሪቱ ሥር አሳለፈው። በ1980 የተመረቀው ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የመኪና መንገድ ዋሻም አሽከርካሪውን በተመሳሳይ መንገድ ወሰደው።

በእንግዳው ምትክ የመጣው ሠራዊቱ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በጎትሃርድ ዙሪያ ምሽጎች ተገነቡ፤ አንደርማትም የጦር ሰፈር ሆነች። የቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ በኋላ ግን የስዊዘርላንድ ሠራዊት በየጊዜው እየተቀነሰ በመምጣቱ መንደሪቱ ዋነኛ የሥራ ምንጯን ማጣት ጀመረች። ሰፊ የልምምድ ሜዳም ያለ ጥቅም ቀረ።

ነዋሪዎቹ የውጭ ዕቅድ ሁሉ የሚያስፈነድቃቸው ሰዎች አልነበሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሸለቆውን በታላቅ ግድብ አጥለቅልቆ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ታስቦ በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የዕቅዱን ተወካይ ከመንደሪቱ አባርሯል። ግድቡም ከቶ አልተሠራም። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ግብፃዊው ባለሀብት ሳሚህ ሳዊሪስ የቀድሞውን የጦር ሠራዊት መሬት ወደ መዝናኛ ስፍራ ለመለወጥ ሲያቅዱ ግን የተለየ ውጤት ታየ። የፌዴራሉ መንግሥት የውጭ ዜጎች የቤት ባለቤትነትን ከሚገድበው ሕግ ፕሮጀክቱን ነፃ አደረገው፤ በመጋቢት 2007 በተካሄደው የሕዝብ ድምፅም ነዋሪዎች የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱን 96 በመቶ በሚሆን ድምፅ ደገፉት። በሁለቱ ዕቅዶች መካከል የነበረው ልዩነት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው መንደሪቱን ሊያጠፋ የመጣ ነበር፤ ሁለተኛው ግን የቆዩትን ቤቶች ሳይነካ በተለቀቀ መሬት ላይ የሚሠራ ነበር፤ ውሳኔውም በራሳቸው እጅ ነበር።

የተሠራው ምንድን ነው?

ማሻሻያው በሦስት ዘርፎች ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ከመሬት በታች ያለው ነው። አዲሱ ሰፈር የተገነባው በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ በመሆኑ መኪኖች ከሥር ይቆማሉ፣ መንገዶቹም ለእግረኛ ብቻ ይተዋሉ። እንዲህ ያለ አሠራር በረዶ በሚበዛበት አገር ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ መጠረግ ያለበትን የመኪና ማቆሚያ ስፋት ይቀንሳል።

ሁለተኛው መጓጓዣ ነው። የፉርካ፣ የጎትሃርድና የኦበራልፕ የመኪና መንገዶች በበረዶ ወራት ስለሚዘጉ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለው ዋና መስመር ባቡር ነው። ከ1917 ጀምሮ የጥርስ ሐዲድ ባቡር ከገሸነን ወደ አንደርማት ይወጣል፤ በ1982 የተከፈተው የፉርካ ዋሻ ደግሞ ከቫሌ ካንቶን ጋር በበረዶ ወራትም ያገናኛታል። የበረዶ ሸርተቴ ማዕከሉም ከዚህ መስመር ጋር ተሳስሯል። በ2018 የተጠናቀቁት አዳዲስ ኬብል ካሮች አንደርማትን በኦበራልፕ በር በኩል በጎረቤቷ ግራውብዩንደን ካንቶን ከምትገኘው ከሴድሩን ጋር አገናኝተዋል፤ ጎብኚውም በአንዱ አቅጣጫ እየተንሸራተተ ሄዶ በባቡር መመለስ ይችላል።

ሦስተኛው በረዶ የማይጠይቅ መስሕብ ነው። የቼዲ ሆቴል በታኅሣሥ 2013 ተከፈተ፤ ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ በ2016 ሥራ ጀመረ። ወደ 650 ሰው የሚይዘው የሙዚቃ አዳራሽ ደግሞ በሰኔ 2019 በበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ተመረቀ። አዳራሹ በመጀመሪያ ለስብሰባ ታስቦ ከመሬት በታች የተቆፈረ ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ተደርጎ የቀን ብርሃን እንዲገባበት ተደረገ። ሙዚቃ፣ ስብሰባና ጎልፍ የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ከበረዶ ሸርተቴ ውጭ ባሉ ወራት አልጋ ለመሙላት ያገለግላሉ። በ2022 የአሜሪካው ቬይል ሪዞርትስ የሸርተቴ ድርጅቱን 55 በመቶ ድርሻ በ149 ሚሊዮን ፍራንክ ሲገዛ፣ ከገንዘቡ 110 ሚሊዮኑ ለተራራው መሠረተ ልማት እንዲውል ተስማምቷል።

የወጪው ስሌት

የዓመት ሙሉ ጎብኚ ጥቅም የሚታየው በቋሚ ወጪ ስሌት ነው። የውኃና የፍሳሽ መስመር የሚነደፈው በአማካይ ቀን ሳይሆን እጅግ በተጨናነቀው ቀን ለሚያስፈልገው መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መንደር ለእነዚህ አገልግሎቶች በዓመት 1 ሚሊዮን ፍራንክ ቢያወጣና 50,000 የእንግዳ አዳሮች ቢኖሩት፣ በአንድ አዳር 20 ፍራንክ ይደርሳል። አዳሮቹ የተጨናነቀውን ቀን ሳያሳድጉ በጸጥተኞቹ ወራት ወደ 100,000 ቢያድጉ ወጪው ወደ 10 ፍራንክ ይወርዳል። መስመሩ አይሰፋም፤ ባዶ ይቆይ የነበረው ጊዜ ብቻ ይሞላል።

ይኸው ስሌት አደጋውንም ያሳያል። አዲስ የሚሠሩት ቤቶች ባለቤቶቻቸው ለገና ሰሞን ብቻ የሚመጡባቸው ከሆነ የተጨናነቀው ቀን ያድጋል፤ የተቀሩት ወራት ግን እንደ ቀድሞው ባዶ ይሆናሉ። ስዊዘርላንዳውያን እንዲህ ያለውን ቤት «ቀዝቃዛ አልጋ» ይሉታል። ይህ ሥጋት አገር አቀፍ ሆኖ፣ በመጋቢት 2012 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ በአንድ ወረዳ ያሉ ሁለተኛ መኖሪያ ቤቶች ከ20 በመቶ እንዳይበልጡ በ50.6 በመቶ ድምፅ ተወሰነ። አንደርማት ዕቅዷ ቀደም ብሎ የጸደቀ በመሆኑ ግንባታዋን መቀጠል ችላለች፤ ስለዚህ ኃላፊነቷ የበለጠ ይከብዳል። መፍትሔ ተደርጎ የተያዘው የአፓርታማ ባለቤቶች በማይኖሩበት ጊዜ ቤታቸውን በሆቴሉ አስተዳደር በኩል እንዲያከራዩ ማድረግ ነው። አንድ ቤት ሕዝብ የሚያድርበት ከሆነ የመንደሪቱን ሱቅ፣ ዳቦ ቤትና ባቡር ይመግባል፤ ተዘግቶ ከሰነበተ ግን መሬት ይዞ ከመቀመጥ በቀር ፋይዳ የለውም።

ተራራውና ነዋሪው

ማንኛውም ማስፋፊያ የተፈጥሮን ወሰን ማክበር ይኖርበታል። አንደርማት ከመንደሪቱ በላይ ያለውን ደን እንዳይቆረጥ በ1397 በጽሑፍ የከለከለች ስትሆን፣ ዓላማውም የበረዶ ናዳን መከላከል ነበር። ያም ሆኖ በጥር 1951 የወረደው ናዳ 13 ሰዎችን ገድሏል። ብዙ እንግዳ መቀበል ማለት ብዙ ሕይወት ለዚህ አደጋ ማጋለጥ ስለሆነ፣ የደን ጥበቃና የናዳ መከላከያ አጥር ከሆቴሉ እኩል የመሠረተ ልማቱ አካል ናቸው።

ሌላው ጥያቄ የነዋሪው ነው። የመሬት ዋጋ ሲያሻቅብ በሆቴሉ የሚሠራው ምግብ አብሳይና በመንደሪቱ ያደገው ወጣት ቤት መከራየት ሊያቅታቸው ይችላል። በአንድ ባለሀብት ላይ መደገፍም በሠራዊቱ ላይ ከመደገፍ ብዙ አይለይም፤ ያ ሀብት ቢሸሽ መንደሪቱ ዳግም ባዶ እጇን ትቀራለች። ለሠራተኛ ተመጣጣኝ ቤት መሥራትና የገቢ ምንጮችን ማብዛት ከኬብል ካሩ በኋላ የሚታሰቡ ሳይሆኑ ከእርሱ ጋር የሚታቀዱ መሆን ይገባቸዋል።

ማጠቃለያ

የአንደርማት ልምድ የሚያሳየው መሠረተ ልማት ብቻውን ወቅታዊነትን እንደማያስወግድ ነው። ባቡሩ፣ አዳራሹና ኬብል ካሩ የሚጠቅሙት ጸጥተኞቹን ወራት ለመሙላት ሲነደፉ፣ ቤቶቹ ሲከራዩና ነዋሪው በቦታው ሲቆይ ነው። የሥራው ስኬት የሚመዘነው በየካቲት በሚታየው የሸርተቴ ሰልፍ አይደለም። ሸርተቴው ባልተጀመረበት በኅዳርና በረዶው በሚቀልጥበት በግንቦት፣ ማምሻውን በስንት መስኮት መብራት እንደሚበራና ከእነዚያ መስኮቶች ምን ያህሉ የአንደርማት ቤተሰቦች እንደሆኑ በመቁጠር ነው።