አካል ጉዳተኛው ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ወዴት ይሂድ?

በየዓመቱ 12ኛ ክፍልን ከሚጨርሱት ወጣቶች መካከል ዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸው፣ እንዲሁም በእግራቸው ወይም በእጃቸው ላይ ጉዳት ያለባቸው ይገኛሉ። እነዚህ ልጆች እስከዚያ ለመዝለቅ ከሌላው ይልቅ ብዙ ደክመዋል። ከዚያ ወዲያ ስለሚሠሩት ሥራ ግን በጊዜ የሚያስብላቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገሩም የወላጅና የመምህር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህ ዕቅድ ውስጥ የንግድ ቤቶች ድርሻ ምን እንደሆነ ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዕቅዱ የፈተና ውጤት እስኪነገር ድረስ ሊቆይ አይገባውም። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲን ብቻ ተስፋ አድርጎ የቆየ ልጅ እንዲህ ባለው ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል። በአሜሪካ አገር የልዩ ትምህርት ሕግ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ ተማሪው ቢዘገይ 16 ዓመት ሲሞላው ስለ ወደፊት ሥራውና ሥልጠናው የጽሑፍ ዕቅድ እንዲወጣለት፣ እርሱም ራሱ ወደ ምክክሩ እንዲጠራ ታዟል። በእኛም ዘንድ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ላይ ቢጀመር መልካም ነው። የልጁ ፍላጎት መጠየቁን ግን አደራ እላለሁ፤ ዓይነ ስውሩን ሁሉ ወደ ሕግና ወደ መምህርነት መምራት ልማድ ሆኗልና።

ለንግድ ሰው ዋናው ብልሃት ሥራውን በስሙ ሳይሆን በክፍል በክፍሉ መመልከት ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ዕቃ ይረከባል፣ ይቆጥራል፣ ገቢና ወጪ ይመዘግባል፣ ስልክም ይመልሳል። መስማት የተሳነው ወጣት ከመጨረሻው በቀር ሁሉን ሊያከናውን ይችላል፤ ዛሬ ደግሞ የደንበኛው ትእዛዝ በሞባይል በጽሑፍ መላክ ይችላል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ የሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛው ዘንድ ከደረሰ የሚጎድለው የለም፤ የሚያስቸግረው የበሩ ደረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ይታሰባል፤ እንግዲህ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ተዳፋት መሥራት ነው፤ ዕቃ በጋሪ ለሚያስገባው ሰውም ይጠቅማል። ለዓይነ ስውሩ፣ ኤንቪዲኤ የሚባለው በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብለታል፤ ደብዳቤ መጻፍና ከውጭ አገር ድርጅቶች ጋር መጻጻፍ ይችላል። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ግን አሁንም የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ኋላ ከመከፋት ያድናል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ ተማሪው የክረምቱን ዕረፍት በአንድ ንግድ ቤት በተለማማጅነት ቢያሳልፍ፣ የሚችለውንና የማይመቸውን እርሱም አሠሪውም ይረዱታል። ደመወዝ የሚከፈለው ከሆነና ዕድሜው ከ15 እስከ 18 ዓመት ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቀን ሥራው ከ7 ሰዓት አይበልጥም።

በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ሲደነገግ፣ አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ለሥራውም የሚያግዝ ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ተጥሎበታል። በሥራ ማስታወቂያ ላይ ያለ ምክንያት «ሙሉ ጤነኛ የሆነ» ብሎ መጻፍ ከዚህ ጋር አይሄድም፤ እኔ ማስታወቂያ ስተይብ ይህ ቃል ከድሮው ቅጅ እየተገለበጠ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ።

ተቀጥሮ ከመሥራት ይልቅ የራሱን ሱቅ ለመክፈት የሚያስብም አለ። እንዲህ ያለው ዓይነ ስውር ወጣት በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728ን አስቀድሞ ይወቅ፤ የዓይነ ስውር ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ተጽፏልና። ከእርሱ ጋር የዱቤ ውል የሚዋዋል ጅምላ ሻጭም የማረጋገጫውን ጊዜና ወጪ በሒሳቡ ያግባ።

ክረምቱ የሚገባው በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ፣ ተለማማጅ ለመቀበል የፈቀደ ንግድ ቤት እስከ ግንቦት ወር ድረስ በአቅራቢያው ላለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ደብዳቤ ቢጽፍ፣ በደብዳቤውም የሥራውን ዝርዝር፣ የሥራ ሰዓቱንና የመግቢያውን ደረጃ ከፍታ ቢገልጽ ይበቃል።