የገና ሰሞን መብራትና የአውድማው እህል

በደባርቅና በዳባት ደጋ ታኅሣሥ ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል። ውቂያ የጀመረም አለ። በዓላቱ ተከታትለው የሚመጡት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት።

ሰሞኑ የደስታ ነው። ነገር ግን ደረቅ ገለባ፣ ነፋስና የበዓል እሳት የሚገናኙበትም ሰሞን ነው። በአንድ ሌሊት ብልጭታ የዓመት ልፋት አመድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንደሩ በዓሉን ቀድሞ ማሰናዳት አለበት። እንዴት ቢሉ፣ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፣ ቀኑን ማወቅ

ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ይውላል ብለው የሚያስቡ አሉ። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ምክንያቱ ጳጉሜን ነው። ከፅንሰቱ በዓል ከመጋቢት 29 እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ቆጠራው በአንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይሆናል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም። ስለዚህ ከገና እስከ ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ 12 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ 13 ቀን ነው። ስብሰባውም ሆነ ደቦው በዚህ ልክ ይታቀዳል።

2ኛ፣ ሜዳውን መምረጥ

የገና ጨዋታ በቆልማማ ዱላና በሩር ነው። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ሰፈር ከሰፈር፣ ጎጥ ከጎጥ ይጋጠማል። በዚያን ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ መቆጣትም ነውር ነው ይባላል። ሆኖም ዱላው ዱላ ነው፤ ራስ ሊፈነክት፣ ጥርስ ሊያወልቅ ይችላል። ስለዚህ ሜዳው ካልተሰበሰበ አዝመራና ከአውድማ የራቀ ይሁን። ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው ይጫወቱ። ጠብ ቢነሣ የሚዳኙ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀድመው ይመረጡ። ጨዋታው ሳይመሽ ቢያበቃ መልካም ነው፤ በጨለማ ሩርና ራስ አይለዩም።

3ኛ፣ መብራቱን ማሰናዳት

የገና ቅዳሴ የሌሊት ነው። ሰው በጨለማና በብርድ ገደላ ገደሉን ይጓዛል። መብራት ያስፈልገዋል።

ጧፍ ከጥጥ ፈትልና ከሰም ይሠራል። ነበልባሉ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ የፊተኛውን ሰው ጋቢ ለማቃጠል ይበቃል። ከፊት ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ለሕፃን ብቻውን አለመስጠት ይገባል። ችቦ ሲነድ ፍም ያንጠባጥባል፤ ነፋስ ካለም ብልጭታው ሩቅ ይሄዳል። በክምር አጠገብ ችቦ ይዞ ማለፍ ጨርሶ አይገባም። ኩራዝ እየነደደ ላምባ አይጨመርበትም። ዛሬ የእጅ ባትሪና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት በየገበያው አለ። ለመንገድ የሚሻለው ይኸ ነው።

በከተማ ደግሞ በኤሌክትሪክ ማሸብረቅ ተለምዷል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖልና አዲሱ ባለ 9 ዋት አምፖል የሚሰጡት ብርሃን ተቀራራቢ ነው። 10 የድሮ አምፖሎች 600 ዋት ይፈጃሉ፤ 10 አዳዲሶቹ ግን 90 ዋት ብቻ። ስለዚህ ወጪውም ይቀንሳል፣ ሽቦውም አይግልም። የተላጠ ሽቦ አይሰቀል። በአንድ ሶኬት ላይ ብዙ ገመድ አይደራረብ። ከቤት ሲወጡና ሲተኙ መብራቱ ይጥፋ። ለገና ዛፍ ተብሎም የአገር ጽድ አይቆረጥ፤ በግቢ የቆመውን ዛፍ ማስጌጥ ይቻላል።

4ኛ፣ እሳቱን መጠበቅ

በገና ሌሊትም ሆነ በከተራ ሌሊት ብርዱን ለመከላከል እሳት ይነዳል። እሳቱ ከክምርና ከሣር ቤት ቢያንስ 50 እርምጃ ይራቅ። ነፋሱ ወደ ክምሩ የሚነፍስ ከሆነ ቦታው ይለወጥ። ዙሪያው ከሣር ይጽዳ። ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ አካፋና እርጥብ ቅጠል ይቅረብ። ሰው ሲበተን ፍሙ ውሃ ይፍሰስበት፤ ከዚያም ይገላበጥና እንደገና ይፍሰስበት። በአመድ ሥር ያደረ ፍም በማግስቱ ነፋስ ይነሣል።

ቤት ውስጥም ጥንቃቄ አለ። በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ አየር አይታይም፣ አይሸትምም።

እሳት ሲያመልጥ ምን እንደሚያደርስ የሰሜን ተራሮች አሳይተውናል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በብሔራዊ ፓርኩ የተነሣው እሳት ጓሳውንና አስታውን አቃጠለ። የአካባቢው ሕዝብ ወጥቶ ታገለው። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። ይህ ቦታ የዋልያና የጭላዳ ማደሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ለአንድ መንደር ክምር ግን ሄሊኮፕተር አይመጣም። የሚደርሰው ጎረቤት ብቻ ነው።

5ኛ፣ ሥራውን መከፋፈል

ስብሰባው በኅዳር መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። እድሩ ወይም ቀበሌው ሊጠራው ይችላል። ሜዳ የሚያጸዳው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ሌሊት በተራ የሚጠብቀው በስም ይመዝገብ። ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው ለመንደሩ ከሚጠቅምባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸ ነው። ክርስቲያንም እስላምም ይገኝበት፤ እሳት የጎረቤትን ሃይማኖት አይጠይቅም።

በእንዲህ ያለ ስብሰባ አንድ ወጣት፣

«አባባ፣ ለበዓል እሳት ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል እንዴ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ሽማግሌው ምን ይመልሱለታል?

«ልጄ፣ ያ ክምር እኮ የልጆች ጉሮሮ ነው። ሁላችን ስንዘፍን አንድ ሰው ዓይኑን ከእሱ ባይነቅል፣ ሁላችን ደግሞ በክረምት እንበላለን።»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። ጠባቂው በየተራው ስለሚለወጥ ማንም ከበዓሉ አይቀርም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ቀድሞ የተሰናዳ መንደር ገናውንም በደስታ ያሳልፋል፣ እህሉንም በጎተራው ያስገባል።

ጥያቄዎች

1. ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚውለው ለምንድን ነው?
2. ባለ 9 ዋት 20 አምፖሎች በጠቅላላው ስንት ዋት ይፈጃሉ?
3. በመንደራችሁ የበዓል እሳት የሚነደው የት ነው? ከክምሩ ስንት እርምጃ ይርቃል? ለክታችሁ ጻፉ።