ቀፊራ የት ገባ?

ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው ቀፊራን ሳያይ አይመለስም። ከከዚራ በኩል ተነሥቶ፣ የዝናም ጊዜ ካልሆነ በቀር አሸዋ ብቻ የሚታይበትን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚገባ እንግዳ፣ እንደ ዓረብ አገር ሕንፃ በቅስት የተሠራውን ይህን ገበያ ሲያይ ጥቂት ቆም ማለቱ አይቀርም። ከቅስቱ ሥር ጥላ ነው፤ ከቅስቱ ውጭ ዓይን የሚወጋ ፀሐይ ነው። በጥላውና በፀሐዩ መካከል ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ሐረሪኛውና አማርኛው ሲደባለቅ ይሰማል፤ የበርበሬው፣ የዕርዱ፣ የማንጎውና የሎሚው ሽታም እንዲሁ።

ይህ ጸሐፊ በቅርቡ ወደ ቀፊራ የሄደው ግን ሎሚ ሊገዛ አይደለም። ዳኛ ሆኖ ነው የሄደው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በድሬዳዋ የምትኖር የእኅቴ ልጅ አለችኝ፤ ዕድሜዋ ሃያ ነው፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም። በዚያው ከተማ ደግሞ ሠርግና ልደት በማንሣት የሚተዳደር ወዳጅ አለኝ፤ ካሜራው ካንገቱ አይወርድም። ሁለቱ በእኔ ፊት ተገናኝተው ቡና ስንጠጣ ክርክር ተነሣ። ወዳጄ «አቦ! ሥራ እኮ ጠፋ» አለ። «ሙሽራው ዋጋ ይጠይቀኛል፤ እነግረዋለሁ። ‹ይኸን ሁሉ ለምን እከፍላለሁ? የወንድሜ ስልክም ኋላውን ያደበዝዛል› ብሎኝ ይሄዳል።» የእኅቴ ልጅ ሳቀችና «ታዲያ እውነቱን አይደል?» አለች። ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ በመጨረሻ «አጎቴ ይፍረድ» ተባለ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ልግለጽ። በጥሩ ካሜራ የተነሣ የሰው ፎቶግራፍ ሲታይ ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ፣ ዛፍ ወይም ሕዝብ ግን እንደ ጉም ለስልሶ ይደበዝዛል። የተመልካቹ ዓይን ወዲያና ወዲህ ሳይባክን በቀጥታ ከፊቱ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው «የባለሙያ ሥራ ነው» ብሎ የሚያደንቀው ይህን ማደብዘዝ አይቶ ነው። ዛሬ የእጅ ስልክ ሻጮችም የሚፎክሩት በዚሁ ነው።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳይበረታ ጧት በሁለት ሰዓት ከቀፊራ ደረስን። ለመነሣት ፈቃደኛ ሆነው የተገኙት አንዲት የቅመም ነጋዴ ናቸው፤ እንደ አገሩ ልማድ «አዴ» እያልን ጠራናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ፎቶውን ለልጄ ትልኩልኛላችሁ?» ልጃቸው ካናዳ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በጨረሰ ጊዜ፣ የእሳቸው ነፍስ ብትተርፍም በሣጥን የነበረው ፎቶግራፍ ሁሉ ከጭቃ ጋር ሄዷል። ስለዚህ ልጁ ይዞት የሄደ የእናቱም የአገሩም ሥዕል የለውም። እኛ ለውድድር የመጣነው ለእሳቸው ትልቅ ጉዳይ ሆነ።

መጀመሪያ ወዳጄ አነሣ። ሌንሱ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 1.8 ቁጥር ድረስ ከፈተው። ቀጥላ የእኅቴ ልጅ ከስልኳ ላይ «ፖርትሬት» የሚባለውን መርጣ አነሣች። ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርገን ከጥላው ሥር መረመርን።

ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ለጊዜው የስልኩን ከካሜራው ለመለየት አልቻልሁም። ቀረብ ብለን ስናይ ግን የስልኩ ሥዕል እንከን ብቅ ብቅ ይል ጀመር። የሻርፓቸው ዘርፍ ግማሹ ጥርት ብሎ፣ ግማሹ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ከጉሙ ገብቷል። በያዙት ሚዛን ሰንሰለት መካከል የሚታየው ግድግዳ ሳይደበዝዝ ቀርቷል፤ የሚዛኑ ሳሕን ደግሞ ከፊታቸው ተንጠልጥሎ ሳለ ከኋላ እንዳለ ነገር ደብዝዟል። በካሜራው ሥዕል ይህ ሁሉ የለም፤ ድብዛዜው ከጆሮ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ኋላ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል።

ልዩነቱ የመጣው ብርሃን ከሚገባበት ቀዳዳ ነው። 50ን ለ1.8 ብናካፍል 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የካሜራው ቀዳዳ ስፋት ይኸው ነው፤ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ያህላል። በስልኩ ሌንስ ላይም ያው 1.8 የሚል ቁጥር ይጻፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የስልኩ ሌንስ እውነተኛ ርዝመት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የምስር ፍሬ ማለት ነው። ካሜራው ፊትን አነጣጥሮ ሲያይ፣ ከፊት በስተኋላ ካለ ከአንድ ነጥብ የሚመጣው ብርሃን በሰፊው ቀዳዳ ሲገባ ተበትኖ ሰፊ ክብ ይሆናል፤ በጠባቡ ሲገባ ግን ነጥብነቱን ብዙም አይለቅም። ዓይኑ የደከመ ሰው ሩቅ ያለውን ለመለየት ዓይኑን ጨፈን የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀዳዳውን ማጥበቡ ነው።

ስለዚህ ስልክ በተፈጥሮው የሚያነሣው ቅርቡንም ሩቁንም ጥርት አድርጎ ነው። ድብዛዜውን የሚጨምረው በኋላ፣ በስሌት ነው። ይህንንም ለማድረግ የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። አንባቢ ሆይ፣ ጣትህን ከአፍንጫህ ፊት አቁመህ አንዱን ዓይንህን ከዚያም ሌላውን ጨፍን፤ ጣትህ ወዲያና ወዲህ ሲዘል፣ ሩቅ ያለው ግድግዳ ግን እምብዛም ሲንቀሳቀስ አታይም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አይፎን 7 ፕላስ ሁለቱን ሌንሶቹን እንደ ሁለት ዓይን አድርጎ ርቀትን የገመተው እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመጣው የጉግል ፒክስል 2 ደግሞ በአንድ ሌንስ ብቻ ሠራው፤ ከሌንሱ ግራና ቀኝ የሚገባውን ብርሃን ለይቶ ያወዳድራል። የሁለቱ «ዓይኖች» ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሥዕል በማየት ሰውን ከጀርባው መለየት የተማረ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያግዘዋል።

ይህ በጣም የሚደነቅ ብልሃት ነው። ሆኖም ግምት ነው። ፊትንና ትከሻን ደኅና አድርጎ ይገምታል፤ ፀጉር፣ ዘርፍ፣ የመነጽር ጠርዝ፣ ብርጭቆና ስስ ጨርቅ ሲመጣበት ግን ይሳሳታል። የሙሽራ ቬሎ ደግሞ ስስ ጨርቅ ነው! ወዳጄ ይህን ስነግረው እንደ ተፈረደለት ቆጥሮ ፈገግ አለ።

ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም፤ የቪዲዮው ተራ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ከአይፎን 13 ጋር የመጣው «ሲኒማቲክ» የሚባለው አሠራር፣ በአንድ ሥዕል ያደርገው የነበረውን ግምት በየሴኮንዱ ሠላሳ ጊዜ ያደርገዋል። የእኅቴ ልጅ እኔ ከቅስቱ ሥር ስራመድ አነሣችኝ። ዘንቢል የተሸከመ ሰው በእኔና በስልኩ መካከል ባለፈ ቁጥር የትከሻዬ ዳር እንደ ፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ይህ በስልኩ ላይ ይቆጠርበት። ነገር ግን ወዳጄም ካሜራውን በእጁ ይዞ እየተራመደ ሲያነሣኝ ቀፊራ በሙሉ በምድር መናወጥ ላይ ያለ መሰለ፤ የእኅቴ ልጅ ሥዕል ግን በጋሪ ላይ እንዳለ ሰው ጸጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ስልኩ የእጅን መንቀጥቀጥ እያሰላ ያርመዋል። ደግሞም ከነሣች በኋላ ቁጭ ብላ ድብዛዜውን ስትፈልግ ቀነሰች፣ ስትፈልግ ጨመረች፤ ወዳጄ ያነሣውን ግን ማንም መልሶ ሊያጠራው አይችልም።

የብርሃኑ ነገር ለየብቻው ነው። በቀን፣ ከቅስቱ ሥር ያለው ጨለማና ከውጭ ያለው ፀሐይ በአንድ ሥዕል ሲገናኙ፣ ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥዕል አንሥቶ ስለሚያዋሕድ ጥላውንም ፀሐዩንም ያሳያል። በወዳጄ ሥዕል ግን ወይ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ጥላው ይጠቁራል፤ ቤቱ ሄዶ በኮምፒዩተር ማቃናት አለበት። ማታ ሲሆን ፍርዱ ይገለበጣል። የሙሉ ፍሬም ካሜራ ብርሃን የሚያርፍበት ገበታ፣ ሴንሰር የሚሉት፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ በብዙዎቹ ጥሩ ስልኮች ላይ ያለው ግን 10 በ7 ገደማ ነው። በስፋት አሥራ ሁለት እጅ ያህል ይበላለጣሉ። የማታ ድግስ በስልክ ቪዲዮ ሲነሣ ጥቁሩ ልብስ ሁሉ አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው፣ ወይም ፊት ሁሉ እንደ ሰም የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሬዳዋ ሙቀትም ዳኛ ነው። የአይፎን ሠሪዎች ስልኩ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራሉ። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ በዚህ ከተማ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም፤ ረዥም ቪዲዮ የሚያነሣ ስልክ ይግልና ገጹ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም «ልቀዝቅዝ» ብሎ ሥራውን ያቆማል። እንዲህ ያለ ስልክ ይዞ የሠርግ ቀን መዋል ድፍረት ነው።

ከዚህ በኋላ ፍርዴን ልሰጥ ተዘጋጅቼ ነበር። አዴ ግን ቀደሙኝ። ሁለቱን ፎቶግራፍ አሳየናቸው፤ የካሜራውን አዩ፣ የስልኩን አዩ፣ ከዚያም ቀና ብለው «ልጆቼ፣ ቀፊራ የት ገባ?» አሉን።

ሦስታችንም ዝም አልን። በእውነተኛውም ድብዛዜ በግምቱም ድብዛዜ ቀፊራ የለም። ቅስቱ ጉም ሆኗል፤ የበርበሬው ክምር ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። እኛ ከሁለቱ ጉም የትኛው እንደሚያምር ስንከራከር ቆይተናል። «የእኔን ፊት እኮ ያውቀዋል፤ በስልክ እንተያያለን» አሉ። «የናፈቀው አገሩን ነው። የእሱም ልጆች የት እንደምሸጥ አያውቁም።»

የቀድሞዎቹ ፎቶግራፍ ቤቶች ትዝ አሉኝ። ደንበኛውን ያስቆሙት የነበረው አበባ፣ ፏፏቴ ወይም የትልቅ ከተማ ፎቅ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ነበር። የመጣበት ሰፈር እንዳይታይ መጋረጃው ይሸፍነዋል። የዛሬው የስልክ ጉም በእኔ አስተያየት ያው መጋረጃ ነው፤ ልዩነቱ አበባው መቅረቱ ነው።

ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሐረር፣ ድሬዳዋ ገና ሳትቆረቆርና የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከመድረሱ ሃያ ዓመት በፊት፣ ቅኔውን ትቶ በንግድ ይተዳደር የነበረው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ከሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ራሱን አነሣ፦ አንዱን ከቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱን ከቡና ተክል፣ አንዱንም እጁን አጣምሮ ከሙዝ ተክል መካከል። ለቤተ ሰቦቹ ሲልክ፣ ያጠበበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ሥዕሎቹ መንጣታቸውን ገለጸ፤ የላከውም መልኩን እንዲያስታውሱና የአገሩን ገጽ እንዲያዩ መሆኑን ጻፈላቸው። ፊቱ ዛሬ በግድ የሚለይ ነው። የት እንደ ቆመ ግን እሱ ራሱ አንድ በአንድ ነግሯቸዋል።

ስለዚህ እንደ ገና ተነሣን። አዴ ከመደባቸው ተነሥተው በስተግራ ተቀመጡ፤ ቅስቱ ከራሳቸው በላይ እንዲታይ ነው። ይህን ያዘዘ ባለሙያ የለም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። ወዳጄ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 8 ቁጥር አጠበበው፤ ስፋቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ወረደና የስልክ ዘመድ ሆነ። የእኅቴ ልጅ ፖርትሬቱን አጠፋች። ለስልኩ ይህ ምንም ድካም የለበትም፤ ሁሉን ጥርት አድርጎ ማሳየት ዱሮም ጠባዩ ነው። ከዚህም ሌላ ትልቁ ካሜራ ሲወጣ ፊታቸውን በሻርፕ የሸፈኑት ጎረቤት ሻጮች ስልኩን ሲያዩ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ አንዷ ለደንበኛ በርበሬ ስትሰፍር፣ አንዱ ከኋላ ዘንቢል ተሸክሞ ሲያልፍ ተነሡ።

ሙሽሮች ቢጠይቁኝ፣ ለቬሎውና ለማታው ድግስ ወዳጄን ጥሩ፤ የቀኑን ጭፈራና የአጃቢውን ሩጫ ለስልክ ተዉት እላለሁ። የእኅቴ ልጅ በዚህ ፍርድ አልተደሰተችም፤ ወዳጄም ሙሉ በሙሉ አልተደሰተም።

የካሜራው ሥዕል በወረቀት ታትሞ ለአዴ በሦስተኛው ቀን ደረሳቸው፤ ከሚዛናቸው በላይ ሰቅለውታል። የስልኩ ግን እዚያው እንደ ቆምን ወደ ካናዳ ሄደ። ያኔ በካናዳ ሌሊት ነበር፤ ልጁ ግን አልተኛም ኖሯል። መልሱ በድምፅ መጣ፤ አዴ ስልኩን ከጆሯቸው አስጠግተው ሰሙና ዞር ብለው ወደ ኋላ፣ ዘንቢል ወደ ተሸከመው ሰውዬ እያዩ ሳቁ።

«ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረም» አሉን። «ያ ከኋላሽ የሚያልፈው ኳስ አብሮኝ የሚጫወተው ነው ወይ? እንዴት ሸበተ! ነው የሚለው።»