ሦስት ጊዜ የተጓዘው ምኩራብ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ዋሽንግተን የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ አዛውንት ስልክ ደወሉልኝ። «ና እነዚህን ካሴቶች አንሣልኝ። ልጄ ቤቱን ልትሸጠው ነው፤ ካልመጣህ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገቡት» አሉኝ። ሄድኩ። አራት ካርቶን ሙሉ የስብሰባ ካሴት፣ የሰላማዊ ሰልፍ በራሪ ወረቀትና የስደት ጋዜጣ ነው። ሁለቱ ካርቶኖች ምድር ቤት ውሃ ገብቶባቸው ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ጭኜ ወጣሁ፤ የት እንደማደርሳቸው ግን አላወቅሁም።

በዚያው ሳምንት፣ ካርቶኖቹ ከመኪናዬ ሳይወርዱ፣ መሀል ከተማ ሦስተኛውና ኤፍ ጎዳና ላይ ወደሚገኘው የአይሁድ ታሪክ ቤተ መዘክር ጎራ አልኩ። ካፒታል ጁዊሽ ሙዚየም ይሉታል። የአይሁድ ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቤተ እስራኤልን ወይም ሂትለር የፈጀውን ሕዝብ ነው። ይኼኛው ግን የሚተርከው የዚህችን ከተማ አይሁዳውያን ነው፤ ባለሱቁን፣ ልብስ ሰፊውን፣ የመንግሥት ሠራተኛውን። እኛንም ይመለከታል ብዬ ለአንባቢ የማቀርበው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ምኩራቡ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አዳስ እስራኤል የተባለው ጉባኤ በጸሎት ሥርዓት ለውጥ ሳይስማማ ቀርቶ በ1869 ከነባሩ ጉባኤ ተገንጥሎ ወጣ፤ በ1876ም ይህችን የሸክላ ምኩራብ ሠራ። (መገንጠል የእኛ ብቻ አለመሆኑን ሳይ ትንሽ ተጽናናሁ።) ጁን 9 ቀን 1876 በተመረቀ ጊዜ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ራሳቸው ተገኝተው ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጠዋል፤ 10 ዶላርም ለግሰዋል። ነገሩ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። እኚሁ ሰው ጄኔራል ሳሉ፣ በ1862፣ በእርሳቸው እዝ ሥር ካለው ግዛት አይሁዳውያን በሙሉ እንዲባረሩ ትእዛዝ አውጥተው ነበር። ትእዛዙን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያሻሩት ሊንከን ናቸው።

ጉባኤው እየበዛ ሲሄድ በ1908 ስድስተኛውና አይ ጎዳና ላይ ወደ ሠራው ትልቅ ምኩራብ ተዛወረ። አሮጌው ተሸጠ። ፎቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ምድሩ ደግሞ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ብስክሌት ቤት ሆኖ ዘመን አሳለፈ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሜትሮ ለዋና መሥሪያ ቤቱ ቦታውን ስለፈለገው ሊፈርስ ተቃረበ። የደረሰለት በ1960 የተቋቋመ የአካባቢው አይሁዳውያን የታሪክ ማኅበር ነው። በዲሴምበር 1969 ከ250 ቶን በላይ የሚመዝነውን ሕንፃ ከመሠረቱ አንሥተው፣ በጎማ ላይ ጭነው ሦስት ብሎክ አሻገሩት። በ2016 ለግንባታ ሲባል እንደገና ተነሣ፤ በ2019 ለሦስተኛ ጊዜ ተጉዞ አሁን ያለበት ቦታ አረፈ። ጁን 9 ቀን 2023፣ ከተመረቀ ልክ በ147 ዓመቱ፣ የአዲሱ ቤተ መዘክር አካል ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ።

እኔን ግን ከሕንፃው ይልቅ የያዘኝ የግሮሰሪዎቹ ታሪክ ነው። ግሮሰሪ ስል የአዲስ አበባውን መጠጥ ቤት ማለቴ ሳይሆን ባልና ሚስት የሚሠሩበትን የሠፈር ሱቅ ነው። የአይሁድ ባለሱቆች በ1921 የኅብረት ማኅበር አቋቁመው ዕቃ በጅምላ ይገዙ ነበር። የታሪክ ማኅበሩ ስለ እነርሱ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ርእስ ላይ የተጻፈው «እሑድ ግማሽ ቀን» የሚል ነበር፤ ማረፊያቸው ያችው ነበረችና። ዛሬ በከተማው የማዕዘን ሱቅ ውስጥ ከመስተዋት ጀርባ ቆሞ የሚውለው ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የእኛን ደብተርና ደረሰኝ ግን ማን አስቀመጠው?

ሌላም አለ። ከዲሴምበር 1970 እስከ ጃንዋሪ 1991 ድረስ በሶቭየት ኤምባሲ ፊት ለፊት በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ይቆሙ ነበር፤ የሶቭየት አይሁዳውያን እንዲለቀቁ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በዝናብም በበረዶም። ያንንም መዝግበው ይዘውታል። እኛም በስቴት ዲፓርትመንትና በኋይት ሐውስ ፊት ለፊት ያልጮኽንበት ዓመት የለም። ማስረጃው መኪናዬ ኋላ ተጭኖ ሻግቷል።

ቤተ መዘክሩ ከቋሚው ትርኢት ሌላ በየጊዜው የሚለዋወጡ ኤግዚቢሽኖች አሉት። በተከፈተበት በ2023 የዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግን ሕይወት አሳይቷል። የሚመጣውን ፕሮግራም ስታዩ ንግግሮቹን ብቻ ሳይሆን በቀድሞው የአይሁድ ሠፈር የሚደረገውን የእግር ጉዞም ፈልጉ። ያ ሠፈር ብዙ ያስተምራል፤ የስድስተኛው ጎዳና ምኩራብ ራሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቆይቶ በ2004 እንደገና ምኩራብ ሆኗል። በተከራየነው የሰው ቤተ ክርስቲያን ለምናስቀድስ ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንም።

ስትገቡ ፍተሻ አለ፤ አትቆጡ። ሜይ 21 ቀን 2025 ማታ ከቤተ መዘክሩ ደጃፍ ላይ ሁለት ወጣት የእስራኤል ኤምባሲ ሠራተኞች ከአንድ ዝግጅት ሲወጡ በጥይት ተገድለዋል። በሩ ተዘግቶ የቆየው ግን ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

በባቡር ለምትመጡ በቀዩ መስመር ጁዲሺየሪ ስኩዌር ውረዱ፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ካርቶኖቹ አሁን ሳሎኔ ውስጥ ናቸው። የረጠበውን ወረቀት በየወንበሩ ላይ አስጥቼዋለሁ። ባለቤቴ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥታኛለች። የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ ያለው አንባቢ ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ይፈልገኝ።