መኪናውና አራቱ የተሰወሩ አኃዞች

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ረዥም ዕድሜ ካስቆጠሩት የጨዋታ ዝግጅቶች አንዱ «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት»፣ ማለትም «ዋጋው ልክ ነው» የተሰኘው ነው። የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1956 ተጀምሮ በ1965 ያበቃ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ይዞ በሲቢኤስ ጣቢያ መታየት የጀመረው ሴፕቴምበር 4 ቀን 1972 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦብ ባርከር ለሠላሳ አምስት ዓመታት መርቶት በ2007 ለድሩ ኬሪ አስረክቧል። የዝግጅቱ መሠረተ ሐሳብ እጅግ ቀላል ነው፤ ተወዳዳሪው የዕቃ ዋጋ ይገምታል፣ ግምቱ ከሠመረለት ዕቃውን ይወስዳል። ከሽልማቶቹ ሁሉ ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ደግሞ አዲስ መኪና ነው።

የሳይንስ መጽሔት ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታ ምን ቸገረው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የቸገረን እንዲህ ያለ ነው። ዝግጅቱ ሲጀመር ለሽልማት የሚቀርቡት መኪኖች ዋጋ በአራት አኃዝ የሚጻፍ ነበር፤ ሁለት ሺሕ፣ ሦስት ሺሕ፣ አራት ሺሕ ዶላር። የጨዋታዎቹም ሰሌዳዎች የተሠሩት በዚሁ ልክ ነው። ዋጋ ግን ባለበት አይቆምም። በ1980ዎቹ የመኪኖቹ ዋጋ አሥር ሺሕን እየተሻገረ አምስተኛ አኃዝ ሲጨመርበት፣ የጨዋታዎቹ አዘጋጆች አንድ እውነተኛ የሒሳብ ጥያቄ ገጠማቸው፤ ጨዋታው ሳይከብድም ሳይቀልም አምስተኛውን አኃዝ የት እናስገባው? ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ መልሶች ተሰጥተዋል። ሁለቱም በመጀመሪያ እይታ አንድ ይመስላሉ፤ በስሌት ስንመረምራቸው ግን ውጤታቸው ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ አግኝተነዋል።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የጥያቄና መልስ ውድድሮች አሸናፊዎቻቸው በስውር ይወሰኑ እንደነበር ተጋልጦ ታላቅ ቅሌት ተፈጥሮ ነበር፤ በ1960 የወጣው ሕግም እንዲህ ያለውን ማጭበርበር በፌዴራል ደረጃ ወንጀል አደረገው። ስለዚህ አዘጋጆቹ በጨዋታው መካከል የመኪናውን ዋጋ መለወጥ አይችሉም። ስንት መኪና እንደሚሰጡ በሩቁ ሊወስኑ የሚችሉት በጨዋታው ንድፍ ብቻ ነው። የፕሮባቢሊቲ ሒሳብ ቦታውን የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው።

በ1972 በመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ቀድሞ የቀረበው ጨዋታ «ኤኒ ነምበር» (ማንኛውም ቁጥር) ይባላል። በሰሌዳው ላይ ሦስት ረድፎች አሉ። የላይኛው የመኪናው ዋጋ ሲሆን አራት የተሸፈኑ ቦታዎች አሉት። መካከለኛው የአንድ አነስተኛ ሽልማት ዋጋ ነው፣ ሦስት ቦታ አለው። ታችኛው በአሳማ ቅርጽ በተሠራ ገንዘብ ማጠራቀሚያ የተመሰለ ጥቂት ዶላርና ሳንቲም ሲሆን እርሱም ሦስት ቦታ አለው። አራትና ሦስት እና ሦስት አሥር ይሆናል፤ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችም እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተደልድለዋል። ተወዳዳሪው አኃዝ በጠራ ቁጥር ያ አኃዝ ባለበት ረድፍ ይገለጣል። አስቀድሞ የሞላው ረድፍ የተወዳዳሪው ነው፤ መኪናም ይሁን፣ በአሳማው ሆድ ያለ ሳንቲም።

ምንም የማያውቅ ሰው በዘፈቀደ ቢጠራ መኪናውን የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው? ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማሰብ ነገሩን ያቀለዋል። ተወዳዳሪው አሥሩንም አኃዞች ጠርቶ ይጨርስ እንበል። መኪናው ቀድሞ ይሞላ ዘንድ በመጨረሻ የተጠራው አኃዝ ከሁለቱ ትንንሽ ሽልማቶች የአንዱ መሆን አለበት። የአሳማው የመሆን ዕድሉ 3/10 ነው። አሳማውን ትተን በቀሩት ሰባት አኃዞች መካከል ደግሞ ከሁሉ ኋላ የሚመጣው የመካከለኛው ሽልማት መሆን ይገባዋል፤ ይህም 3/7 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 9/70 ይሆናሉ። የአሳማውና የመካከለኛው ሽልማት ሚና ሊለዋወጥ ስለሚችል በሁለት ስናባዛው 9/35፣ ማለትም 25.7 በመቶ ገደማ እናገኛለን። የመኪናውን አንድ አኃዝ በእርግጥ የሚያውቅ ሰው በዚሁ መንገድ ቢሰላለት ዕድሉ 33.3 በመቶ ይደርሳል፤ ሁለት ለሚያውቅ ደግሞ 45 በመቶ። እውቀት ይረዳል፣ ግን በቀስታ ነው።

በ1973 የመጣው «ላኪ ሰቨን» (ዕድለኛ ሰባት) በእኛ ግምት ከሁሉም የተዋበው ነው። ተወዳዳሪው ሰባት ባለ አንድ ዶላር ኖቶች ይሰጡታል። የመኪናውን ዋጋ አኃዝ በአኃዝ ይገምታል፤ በሳተበት መጠን በአንድ በአንድ ዶላር ይቀጣል። እውነተኛው አኃዝ 8 ሆኖ እርሱ 5 ካለ ሦስት ዶላር ይመልሳል። በመጨረሻ ቢያንስ አንድ ዶላር በእጁ ከቀረ በዚያችው ዶላር መኪናውን ይገዛል። በሌላ አነጋገር የአራቱ አኃዞች ስሕተት ድምር ከስድስት መብለጥ የለበትም።

ስለ ዋጋው ምንም ለማያውቅ ሰው የሚበጀው ሁልጊዜ 4 ወይም 5 ማለት ነው፤ ከመካከል የቆመ ሰው ወደ ሁለቱም ዳርቻ ያለው ርቀት አጭር ነውና። እንዲያም ሆኖ በአንድ አኃዝ የሚደርስበት አማካይ ቅጣት 2.5 ዶላር ነው፤ በአራቱ አሥር ዶላር ይሆናል፣ በእጁ ያለው ግን ሰባት ነው። አሥር ሺሑን የአኃዝ ጥምረቶች ስንቆጥር አሸናፊ የሚያደርጉት 1,253 ብቻ ናቸው፤ 12.5 በመቶ። አሁን ይህ ሰው አንዱን አኃዝ ብቻ በትክክል ያውቃል እንበል። ዕድሉ ወደ 35.6 በመቶ ይዘላል። ሁለት ካወቀ 75 በመቶ ይሆናል። ከ«ኤኒ ነምበር» ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ አንዱ ጨዋታ ለባለ እውቀት ጥቂት ይመርቅለታል፣ ሌላው ከዕድለኛ ተርታ አውጥቶ ከአሸናፊ ተርታ ያስገባዋል።

እንግዲህ አምስተኛው አኃዝ ሲመጣ በሁለቱም ጨዋታዎች የተወሰደው እርምጃ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ በነጻ ይገለጣል። መኪናው 24,600 ዶላር ከሆነ «2» ከመነሻው ተከፍታ ትታያለች፤ ተወዳዳሪው የሚፈልገው እንደ ወትሮው አራት አኃዝ ነው። («ኤኒ ነምበር» በዚህ ሳቢያ አንድ አዲስ ጠባይ አግኝቷል፤ በነጻ የተገለጠው አኃዝ ከአሥሩ ስውር ቦታዎች በአንዱ ዳግመኛ ይገኛል።) በሰሌዳው ላይ አንድ ቦታ ከመጨመር በቀር የተለወጠ ነገር የለም። ከላይ ያሰላናቸው 25.7 እና 12.5 በመቶም እንዳሉ ናቸው። ጉዳዩ በዚህ የተዘጋ ይመስላል።

አልተዘጋም። አኃዞቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። የአንድ ቤትና የአሥር ቤት አኃዝ በምንም እውቀት የማይደረስበት ዕጣ ነው፤ ተጨማሪ ምንጣፍ ወይም የተሻለ ሬዲዮ ሲገጠም የሚለዋወጥ ነውና። መኪና የሚያውቅ ሰው እውቀቱን የሚያሳርፈው በዋጋው ራስ ላይ ነው። በነጻ የተሰጠውም ያው ራሱ ነው።

በቁጥር እንየው። የመኪና ዋጋ በአሥር በመቶ ልዩነት ውስጥ መገመት የሚችል ተወዳዳሪ እናስብ፤ ሥራዬ ብሎ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ለመድረስ አይቸገርም። በ1973 መኪናው 3,400 ዶላር ቢሆን ይህ ሰው ዋጋውን ከ3,060 እስከ 3,740 ባለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሺሕ ቤቱ አኃዝ ያለ ጥርጥር 3 ነው። ስለዚህ «ላኪ ሰቨን» ሲጀመር አንድ አኃዝ በኪሱ አለች፤ ዕድሉም ቢያንስ 35.6 በመቶ ነው። ያው ሰው፣ ያንኑ እውቀት ይዞ፣ በ24,600 ዶላር መኪና ፊት ይቁም። ግምቱ ከ22,140 እስከ 27,060 ይዘረጋል። በነጻ የተሰጠችው «2» የሚያውቃትን ብቻ ነገረችው፤ ቀጣዩ አኃዝ ግን ከ2 እስከ 7 ካሉት ስድስት አኃዞች ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ለስድስቱም እኩል ዕድል ሰጥተን ስናሰላ የማሸነፍ ዕድሉ 18.9 በመቶ ሆኖ እናገኘዋለን። በግማሽ ሊወርድ ጥቂት ቀረው። ሕጉ አልተለወጠም፤ ሰሌዳው ያው ነው፤ የሰውየውም ችሎታ አልቀነሰም። የሺሕ ቤትን አኃዝ ማወቅ ከሦስት ሺሕ ዶላር ላይ ሲሆን ሻካራ ግምት ይበቃዋል፤ ከሃያ አምስት ሺሕ ላይ ሲሆን ግን የአራት በመቶ ጥራት ይጠይቃል።

አዘጋጆቹ ይህን አስበው ያደረጉት ነው ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ማለትም አያስፈልግም። የመጀመሪያውን አኃዝ መግለጥ ለተመልካች በቀላሉ የሚገባ፣ ደግነት የሚመስል መፍትሔ ነው።

ሌላው መፍትሔ የታየው «መኒ ጌም» (የገንዘብ ጨዋታ) በተባለው ነው፤ ይህም ከ1972 ጀምሮ የነበረ ነው። በሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮች ተጽፈዋል። አንዱ የመኪናው ዋጋ የፊት ግማሽ፣ ሌላው የኋላ ግማሽ ነው፤ የቀሩት ሰባቱ ማሳሳቻ ናቸው። ተወዳዳሪው አራት ጊዜ ከመሳቱ በፊት ሁለቱንም ማግኘት ይጠበቅበታል። ዋጋው አምስት አኃዝ ሲሆን እዚህ የተገለጠው የፊተኛው ሳይሆን የመካከለኛው፣ የመቶ ቤቱ አኃዝ ነው። 24,600 ዶላር ቢሆን «6» መካከል ላይ ተጽፋ ትታያለች፤ የሚፈለጉት 24 እና 00 ናቸው።

ያንኑ ተወዳዳሪያችንን እዚህ እናምጣው። በአራት አኃዙ ዘመን የፊት ግማሹ ከ30 እስከ 37 ካሉት ስምንት ቁጥሮች አንዱ ነበር። በአምስት አኃዙ ዘመን ከ22 እስከ 27 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። እውቀቱ ዋጋውን እንደያዘ ነው፤ እንዲያውም ጥቂት ተሽሎታል። የተሰወረበት ነገር የለም፤ በነጻ የተሰጠው አኃዝ አስቀድሞም ሊያውቀው የማይችለው ነበርና። ማን እንዳሰበው ባናውቅም ከሁለቱ ይህኛው የተሻለ የንድፍ ሥራ ነው እንላለን።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ባጭሩ እንለፈው። በካርታ መሳቢያ የሚደረገው «ካርድ ጌም» አኃዝ ስለማይገምት የመነሻ ዋጋውን ከመኪኖቹ ዋጋ ጋር በየጊዜው ከፍ ማድረግ ብቻ በቅቶታል።

እውቀት ሲባል የመኪና እውቀት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ አጋጣሚ በ2008 ደርሷል። በዚያ ዓመት አንድ ተወዳዳሪ የመጨረሻውን የሽልማት ስብስብ ዋጋ 23,743 ዶላር ብሎ ጠራ፤ ልክ ነበር፣ አንድ ዶላር እንኳ አልጎደለም፣ አልበለጠም። አዘጋጆቹ ተደናግጠው ቀረጻውን አቋረጡ። ምሥጢሩ ዝግጅቱ ያንኑ ዕቃ በያንኑ ዋጋ ደጋግሞ ማቅረቡና በትዕግሥት የሚከታተሉ ተመልካቾች ዋጋውን በቃላቸው መያዛቸው ነበር። እንዲህ ላለ ሰው የአንድ ቤቱም አኃዝ ዕጣ አይደለም፤ እስካሁን ያሰላነውም ሁሉ አይመለከተውም።

ለቀረው ተወዳዳሪ ግን ስሌቱ ይሠራል። በ«መኒ ጌም» በጭፍን የሚመርጥ ሰው 27.8 በመቶ ዕድል አለው፤ ከዘጠኙ ቁጥሮች ሁለቱ ትክክለኞች በመጀመሪያዎቹ አምስት ምርጫዎች ውስጥ መውደቅ አለባቸውና፣ 10/36 ይሆናል። የፊት ግማሹን በመጀመሪያው ምርጫ በእውቀት ያገኘ ሰው ከስምንት ቁጥሮች መካከል አንዱን በአራት ሙከራ መፈለግ ይቀረዋል፤ ይህም በትክክል 50 በመቶ ነው፣ በ1972ም ሆነ ዛሬ።